የተወጋው ከሞተ ማን ያስታውሳል?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የተበዳይ ጠበቃ ናት። ሽማግሌ ፊት የቀረበ በዳይ «እሱማ ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ምን ያነሳሳዋል» ብሎ ጥፋቱን ሊያቃልል ሲሞክር ተበዳዩ ብዙ መከራከር አያስፈልገውም። አራቱን ቃል ተናግሮ ዝም ይላል፤ ለተቀመጡትም ነገሩ ይገባቸዋል። ጦሩን የወረወረው ሰው ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ጦሩ ያረፈበት ግን ብርድ በመጣ ቁጥር ጠባሳው ይጠዘጥዘዋል። ጉልበቱም፣ ገንዘቡም፣ አንዳንዴ ዳኛውም በበዳይ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ትዝታው ግን የተበዳዩ ነው ትላለች ምሳሌዋ።

ሆኖም የምትናገረው ቆስሎ ስለተረፈ ሰው ነው። ጠባሳ የሚኖረው በሕይወት ላለ ገላ ነው። ተወግቶ የሞተውስ? ሚያዝያ 11 በመጣ ቁጥር ምሳሌዋን የምጠይቃት ይህንን ነው።

በ2007 ዓ.ም ሚያዝያ 11 እሑድ ዋለ። ፋሲካ ካለፈ ሳምንቱ ነበር፣ ዳግም ትንሣኤ። በዚያ ቀን አይሲስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ በእጁ የገቡ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ፣ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ለዓለም ለቀቀ። ገሚሶቹ በባሕር ዳርቻ፣ ገሚሶቹ በበረሃ ተገደሉ። ቁጥራቸው ወደ 30 ይጠጋል ተባለ። ሥራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዓይናቸው ከሜዲትራንያን ባሕር ማዶ ነበር። መንግሥት ማንነታቸውን ሳያረጋግጥ በፊት ልጃቸውን፣ ወንድማቸውን ከስልክ ላይ ያወቁ ቤተሰቦች አሉ። መርዶ በእኛ ሀገር ወግ አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። እነዚህ ቤተሰቦች ግን መርዶውን የሰሙት ከገዳዩ አፍ ነው።

አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሠፈር የልቅሶ ድንኳን ተተከለ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባንዲራው ዝቅ አለ፣ ሚያዝያ 14 ቀን መስቀል አደባባይ በሐዘንተኛና በቁጡ ሕዝብ ተሞላ። ሰልፉ በዚያው ቀን ከፖሊስ ጋር በተፈጠረ ግጭት ተበተነ። «አንረሳችሁም» የሚለው ቃል በየአፉ ነበር።

የምሳሌዋ የመጀመሪያ እኩሌታ በዳይ ይረሳል ይላል። ለተራው በዳይ እውነት ነው። ድንበር የገፋ ጎረቤት፣ የወላጅ አልባ ልጅ ርስት የነጠቀ አጎት ነገሩ ቶሎ እንዲዘነጋ ይመኛል፤ መርሳት ጥቅሙ ነው። ሽብርተኛ ግን ሌላ ነው። ካሜራ ተክሎ፣ ሰዓቱንና ብርሃኑን መርጦ፣ ንግግሩን አጥንቶ የሚገድል ሰው ለመርሳት አይደለም የሚገድለው። ቢላውን የሚስለው ለሟቹ ቢሆንም ዒላማው ከሩቅ ሆኖ የሚያየው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወጊ ከተወጊው እኩል፣ ምናልባትም አብልጦ፣ እንዲታወስ ይፈልጋል። የሙት ዓመታቸው ሲደርስ ያንን ፊልም ወይም ከእሱ የተቆረጠ ፎቶ «እንዳንረሳ» ብለው የሚያጋሩ ደግ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸው ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ፊልሙ የገዳዩ ሥራ ነው፤ ቃሉንም መልኩንም የመረጠው እሱ ነው። እናት ልጇን በዚያ መልክ ዳግመኛ ማየት የለባትም። ስለ ፊልሙ ከዚህ በላይ የማልጽፈውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ከራሴ ሐሳብ ጋር የሚጋጭ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከእኛዎቹ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 8 ቀን፣ ያው ቡድን እዚያው ሊቢያ 21 ክርስቲያኖችን መግደሉን በፊልም አሳይቶ ነበር፤ 20ዎቹ ግብፃውያን፣ አንዱ የጋና ሰው። ከሟቾቹ የሁለቱ ወንድም የሆነ ግብፃዊ በአንድ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ሲናገር፣ ገዳዮቹ የወንድሞቹን የመጨረሻ ጸሎት ድምፅ ከፊልሙ ቆርጠው ባለማውጣታቸው አመሰገናቸው። እምነታቸውን ሳይክዱ መሞታቸውን በጆሮው ሰማ፤ ይህም አጸናው። ገዳዩ ለማስፈራሪያ ያዘጋጀው ነገር ለዚያ ወንድም ምስክር ሆነለት። ይህን የማድረግ መብት ግን የእሱ ነው፣ የሥጋ ዘመዱ። ከሩቅ ሆኖ በጣቱ ነክቶ የሚያሰራጭ ሰው ያ መብት የለውም።

ወጊው በግዱ እንዲያስታውስ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። አይሲስ በ2009 ዓ.ም ከጠንካራ ይዞታው ከሲርት ከተማ ተባረረ። በግንቦት 2015 ዓ.ም ደግሞ አንድ የሊቢያ ፍርድ ቤት የቡድኑ አባላት በነበሩ 23 ሰዎች ላይ ሞት፣ በሌሎች ላይ እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርስ እስራት ፈረደ፤ ከክሱ አንዱ የግብፃውያኑ መታረድ ነበር። ፍርድ ቤት ማለት በዳይ «ረሳሁት» ማለት የማይችልበት ቦታ ነው። ምሳሌዋ ስለዚህ ዝም ብላለች። ተበዳይ ትዝታውን ብቻውን ተሸክሞ እንዲኖር ትታዋለች እንጂ በዳይን ጠርታ አታስቆመውም።

ወደ ሁለተኛው እኩሌታ ልምጣ፤ የሚከብደኝም እሱ ነው። የተወጋ አይረሳም ትላለች ምሳሌዋ፣ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጋ። ነገር ግን ይህን ምሳሌ የፈጠረው ሕዝብ ራሱ በሌላ እጁ ምን እንደሠራ እንይ። ሰው ሲሞት ሠልስት ወሰነ። ቀጥሎ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ከዚያም ሰባት ዓመት። ጠላ ተጠምቆ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ካህን ተጠርቶ፣ ድሃ ተጋብዞ የሟች ስም ይነሳል። የተወጋ በራሱ የማይረሳ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቀጠሮ ለምን አስፈለገ? ያ ጥበበኛ ሕዝብ የሰውን ልብ ያውቀዋል። ሐዘን መጀመሪያ ላይ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ይመጣል፤ ለሳምንት ማንም አይሻገረውም፤ በጋ ሲገባ ግን ከብት የሚሻገረው ቦይ ይሆናል። ስለዚህ መታሰቢያን ለስሜት አልተወውም፤ ቀን ቆረጠለት። «የሞተ ተጎዳ» የምትለዋ የልቅሶ ቤት ቃልም የምትለው ይህንኑ ነው፤ የቆመው ይጽናናል፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ የቀረበት ሟቹ ነው። ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ ይመስላሉ። እኔ ግን «የሞተ ተጎዳ» ስለ መንደሩና ስለ ሀገሩ፣ «የተወጋ አይረሳም» ደግሞ ስለ እናት ነው የምትናገረው ባይ ነኝ። እናት ቀጠሮ አያስፈልጋትም። ቀጠሮው የተሠራው ለእኛ ነው፣ ለተቀረነው፣ ሦስት ቀን አልቅሰን ወደ ሥራችን ለተመለስነው።

ተዝካርም ቢሆን መነሻ ይፈልጋል። ቀብር፣ መቃብር፣ ሬሳ። ሬሳ ያልተቀበለ ቤተሰብ እርሙን ማውጣት ይቸግረዋል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይዘላል። የግብፃውያኑ አጽም በ2010 ዓ.ም በሲርት አቅራቢያ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፣ ብዙዎቹ በተወለዱበት በሚንያ አውራጃ አል-ኦር መንደር በስማቸው በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። የኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታከብራቸዋለች፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሰማዕታት መዝገቧ ጻፈቻቸው። ተሳላሚው መቃብሩን ያገኘዋል፣ ልጅም የአባቱ ስም የት እንደተጻፈ ያውቃል።

የእኛዎቹም በቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንደበት «ሰማዕታተ ሊቢያ» ይባላሉ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም የሊቢያ ባለሥልጣናት በሲርት አካባቢ የ34 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች አጽም ያለበት የጅምላ መቃብር መገኘቱን አስታወቁ። በፊልሙ ጊዜ ወደ 30 የተባለው ቁጥር እዚህ 34 ሆነ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ልጅ ነው። የአንድ ቤት ወንድ ልጅ ከ30ው ይሁን ከ34ቱ፣ ወይም ከሁለቱም ውጭ በበረሃ የቀረ ይሁን፣ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባዋል። «አንረሳችሁም» ያለ ሀገር የመጀመሪያ ዕዳው ስንትና እነማን እንደነበሩ መዝግቦ መያዝ ነው።

ምሳሌዋ በክፉ እጅ ስትወድቅ ምን እንደምትሆንም ሁላችንም አይተናል። «የተወጋ አይረሳም» ዛቻም ይሆናል። አያቱ ስለተገደለ የልጅ ልጁ ጠመንጃ የሚያነሳበት ቂም ከዚህችው ቃል ጥላ ሥር ይጠለላል። ገዳዮቹ ሟቾቹን በፊልሙ ላይ የመስቀል ተከታዮች ብለው የጠሯቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በሀገር ቤት ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች እንዲባሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በአክሱም ንጉሥ ጥላ ሥር መጠለላቸውን ግን የእስልምና ታሪክ ራሱ ሲዘክረው ይኖራል፤ ስደተኞቹ እንዳረፉባት የሚነገርላት ነጋሽም በትግራይ ስሟ እንደተጠራ አለች። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ግድያውን አወገዙ፣ ከክርስቲያኑ ጋር አብረው አለቀሱ። የዚያ ሰሞን ሐዘን ከተነሣ ይህም መነሣት አለበት። ትዝታ ወጊውን ብቻ የሚያስታውስ፣ አብሮ ያለቀሰውን የሚዘነጋ ከሆነ ግማሹ ጎድሏል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሟቾቹ የሄዱበት መንገድ ዛሬም ክፍት መሆኑ ነው። ከመተማ ተሻግሮ በሱዳን፣ ከዚያ በሰሃራ ወደ ሊቢያ። አሸጋጋሪዎች በመጋዘን አግተው እየደበደቡ፣ የልጅን ጩኸት በስልክ ለእናት አሰምተው ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ የወንድም በሬ፣ የእኅት ወርቅ፣ የእናት ቤት ተሽጦ ይላካል። ከዚያ ተርፈው የተመለሱ ሰዎች በየሠፈራችን አሉ። እነሱ ምሳሌዋ የምታውቃቸው ሕያው ቁስለኞች ናቸው። ሌሊት እየጮሁ ይነሣሉ፣ ያዩትንም ለመናገር የሚሰማ ጆሮ አያገኙም። በሰማዕታቱ ሙት ዓመት ሻማ አብርተን ከዚያ መጋዘን የተመለሰውን ልጅ «ምነው ባዶ እጅህን መጣህ» የምንል ከሆነ ማንን አስታወስን?

ሚያዝያ 11 ሲመጣ እንዲህ ቢደረግ እላለሁ። ፊልሙ አይታይ። ቤተሰብ ከፈቀደ የሟቾቹ የክርስትና ስም በቤተ ክርስቲያን ይጠራ፤ ከተገደሉበት ቀን ፎቶ ይልቅ በትምህርት ቤት ወይም በሰርግ ላይ የተነሡት ይሰቀል። ማን ጨዋታ አዋቂ እንደነበር፣ ማን ለእናቱ ቤት ልሠራ ብሎ እንደወጣ የሚያውቁ ጓደኞቻቸው ይናገሩ፣ አንድ ሰውም ይጻፍ። ከሊቢያ የተመለሱት ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ መናገር ለሚፈልግም ጊዜ ይሰጠው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በሲርት ስለተገኘው አጽም ያለውን መረጃ ሁሉ፣ የስንቱ ማንነት እንደተለየና የት እንዳረፈ፣ በዚያ ቀን ለየቤተሰቡ በጽሑፍ ይስጥ።