ድር ካበረ አሰድም ይታሰራል

ልጄ፣ ጎርጎራ ጓሮህ ውስጥ ቴሌስኮፕ ልትተክል መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እርስ በርስ የሚጓተቱ ጋላክሲዎችን ፎቶ አነሳለሁ ካልክ ግን ምክሬን ስማኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሰው አትመኝ። እንጦጦ 3,200 ሜትር ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ አንተ ደግሞ ሰማይህ አለህ። በመጋቢት አጋማሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አሰድ የሚባለው የአንበሳ ቅርጽ ያለው የከዋክብት ስብስብ አናትህ ላይ ይቆማል፤ ኤም 65፣ ኤም 66 እና ኤንጂሲ 3628 የሚባሉት ሦስት ጋላክሲዎችም አብረውት። ለንደን ያለ ሰው ወደ ደቡብ አዘንብሎ በወፍራም አየር ውስጥ ያያቸዋል፤ አንተ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ታያለህ። ብርሃናቸው 35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ የመጣ ነው። ተቀራርበው ሲተላለፉ ስበታቸው ከኤንጂሲ 3628 ላይ 300,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሚረዝም የከዋክብት ጭራ መዞ አውጥቷል። የምታድነው እሱን ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ስለዚህ ዝግጅትህን ቀድመህ ጨርስ። የቴሌስኮፑ ማቆሚያ የሰማይን ዙረት እንዲከተል ወደ ሰሜን ኮከብ መቃናት አለበት። ያ ኮከብ እኛ ዘንድ ከአድማስ 12 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ አቧራም የጎረቤት ባሕር ዛፍም ይጋርደዋል። ስትገዛ ማቆሚያው እስከዚያ ድረስ ዝቅ ማለቱን ጠይቅ። ቴሌስኮፑ ወደ አናት ሲቀና ካሜራው ከማቆሚያው እግር እንዳይላተም፣ ገና ሳይመሽ አዙረህ ሞክረው። የጣና እርጥበት መስታወቱን ጤዛ ያለብሰዋልና የሌንስ ማሞቂያም አትርሳ።

የደጅ መብራት አጥፉልኝ ብለህ ጎረቤት ከመለመንህ በፊት፣ አንድ ምሽት ቡና አፍልተህ ጥራቸውና ሰማዩን አሳያቸው። ያየ ሰው ሳይለመን ያጠፋል።

ከዚያ ታገሥ። አንድ የ2 ደቂቃ ፎቶ ጭራውን አያሳይህም፤ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና 60ውን፣ 100ውን ደራርባቸው። የፎቶው ቁጥር በ4 እጥፍ ሲያድግ የምስሉ ሸካራነት በግማሽ ይቀንሳል። ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ተኛ፤ በጨለማው ተመለስና ጨምርበት።

በመጨረሻ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ፣ ካሜራህ ያልያዘውን ጭራ በእጅህ አትሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ደብዛዛው ያንተ ፎቶ ካማረው ሐሰት ይበልጣል።

ሰማዩን ያጥራልህ፣ ትዕግሥቱን ያብዛልህ፣ ለሌላው የምታሳይ ያድርግህ።