የሙሴ ስም ምን ይናገራል?

ምንባብ፦ ኦሪት ዘጸአት 2፥1-11

የዛሬው ጥያቄያችን ይኼ ነው፤ የሰው ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ ልጁ የማን እንደሆነ ሊነግረው ይገባል ወይስ ዝም ቢል ይሻላል?

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ከገባው ሕዝብ መሐል ከቤተሰባቸው የተለያዩ ልጆች ነበሩ። በሰው ቤት ያደጉ አሉ። አሳዳጊ እናት «ብነግረው ይሄድብኛል» ብላ ትሰጋለች። ስጋቷ ከፍቅር ነው፤ አንፈርድባትም።

የፈርዖንን ልጅ ግን እንይ። ሕፃኑ የዕብራውያን ልጅ መሆኑን አውቃ ነው ያነሣችው። ሙሴ ያለችውም ከውኃ ስላወጣችው ነው። እንግዲህ ልጁ በተጠራ ቁጥር የተገኘበትን ቦታ ይሰማል ማለት ነው። መዝገቡን በስሙ ላይ ጻፈችለት። ሲያድግ ወደ ወንድሞቹ የወጣው የማን ወገን እንደሆነ ስላወቀ ነው።

የኢትዮጵያም ሕግ ይህን አይክድም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሆኖም በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሄዱት ብዙ ሺህ ልጆች አንዳንዶቹ አድገው ሲፈልጉ፣ ወረቀቱ ሞታለች ያላትን እናት በሕይወት አገኟት። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ክልከላው ግን ቀድሞ በሐሰት የተጻፈውን አያቃናም። ልጁ መዝገቡን የማየት መብት ቢያገኝ እንኳ፣ የተጻፈው ውሸት ከሆነ ምን ይጠቅመዋል?

እኛ ጋ ደግሞ ወረቀትም የለም፤ መዝገቡ እኛው ነን። ስለዚህ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ የምታውቁትን ጻፉ፤ መጻፍ ካልቻላችሁ አጽፉ። የተገኘበት ቀንና ቦታ፣ የሚያስታውሰው የእናቱ ስም፣ የለበሰው ልብስ፣ አብሮት የነበረ ሰው። የማታውቁትን አትጨምሩ። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ያለ ክፍያ ቤተሰብ ያፈላልጋሉ፤ ጠይቋቸው። ለልጁም በዕድሜው ልክ ንገሩት።

«ታድያ ቢሄድብኝስ?» ትይኝ ይሆናል እህቴ። ሊሄድ ይችላል፤ አይሄድም ብዬ አላታልልሽም። ያጎረስሽው፣ ታሞ ያደርሽለት ግን በመንገሩ አይሰረዝም። ልጅ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ የማን እንደሆነ አይደበቅም።

ጌታ የተለያዩትን ያገናኝልን። አሜን።