ስለ አእምሮ ስለት

በተማሪነቴ ዘመን «አእምሮህ ስል ነው» ሲሉኝ እጅግ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ባልንጀራዬ በክርክር ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተሳስቶ ቢናገር፣ ቀበል አድርጌ ቀለድሁበት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እርሱም ነገሩን ሳይጨርስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ስሕተቱስ እውነት ነበር፤ እኔ ግን የተናገርሁት እርሱን ለማረም ሳይሆን ራሴን ለማስመስገን ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የእንግሊዝኛን ቃላት ስመረምር ይህ ነገር ትዝ አለኝ። እንግሊዞች ስለትን የሚገልጹባቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው። «ሻርፕ» ለቢላዋም፣ ለብርድም፣ ለንግግርም ይነገራል፤ በቁማር ሰው የሚያታልለው ግን «ሻርፐር» ይባላል። «አኪዩት» መሳል ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ ከ90 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን፣ ድንገት ተነሥቶ የሚበረታ ሕመም፣ ጠልቆ የሚያስተውል አእምሮም በዚሁ ቃል ይጠራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቁኝ ግን ሌሎች ሁለት ናቸው። «ኪን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ደፋር ማለት ነበር፤ የጀርመንኛ ወንድሙም ዛሬ ድረስ ይህንኑ ትርጉም እንደ ያዘ ነው። «ሽሩድ» ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት ክፉ ማለት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ስለ ብልህ አእምሮ ይነገራሉ። እንግዲህ አንዱ ከጀግንነት፣ ሁለተኛው ከክፋት ተነሥተው በአንድ ደጃፍ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው የአእምሮ ስለት ብቻውን በጎ ምግባር አለመሆኑን ነው። ሞረድ ቢላዋውን ሲስል «ሥጋ ልትቈርጥ ነው ወይስ ሰው ልትወጋ?» ብሎ አይጠይቅም። ትምህርትም እንዲሁ አእምሮን ይስላል እንጂ መንገዱን የሚመርጠው ልብ ነው። ይህን ስል ድንዝነትን ማመስገኔ አይደለም፤ ዶልዱም ቢላዋ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያዳልጣል፣ የያዘውንም እጅ ይቈርጣል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አእምሮህን ዘወትር ሳል። ነገር ግን ከመናገርህ አስቀድመህ ስለቱ ከድፍረት የተነሣ ወይም ከክፋት የተነሣ መሆኑን ራስህን ጠይቅ። እኔን በዚያ ቀን የጐደለኝ ስለት አልነበረም። የጐደለኝ ባልንጀራዬን ተከትዬ ወጥቼ «ይቅር በለኝ» ለማለት የሚበቃ ድፍረት ነበር።