ሆን ብሎ መሸነፍ ፍቅር ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን ወደ ትልቅ ነገር የሚያደርስ ነው። ይኸውም ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስንልም ወጉንና ተረቡን ሳይሆን በሰሌዳ ላይ የሚደረገውን፣ ዳማውን፣ ገበጣውን፣ ሰንጠረዡንና ሉዶውን ማለታችን ነው።

ከተማችን ሐዋሳ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም። በሐይቁ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ባጃጅ ነጂዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ በየሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ በካርቶን ላይ የተሠመረ ዳማ ተዘርግቶ፣ አንዱ ቆርኪውን በፊቱ ሌላው በጀርባው ደርድሮ ሲጫወት ማየት የዘወትር ነገር ነው። እኛም ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ከአንዳችን ቤት ተሰባስበን፣ ሻይ ተፈልቶ ቆሎ ቀርቦ፣ አንድ ሁለት ሰዓት የምናሳልፈው በዚሁ ነው።

ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ አንዲት እኅታችን ጥያቄ አቀረበችልን። ታናሽ ወንድሟን ዳማ ስታስተምር፣ ልጁ በተሸነፈ ቁጥር ፊቱ ሲጠቁር እያየች አዘነችና አውቃ ትሸነፍለት ጀመር። ውሎ አድሮ ልጁ ዳማ አዋቂ የሆነ መሰለው። ከዚያም ከሰፈር ልጆች ጋር በገንዘብ ተወራርዶ፣ ለደብተር መግዣ የተሰጠውን ብር አስበልቶ ተመለሰ። አልቅሶ ካበቃ በኋላ የጠየቃት ስለ ብሩ አልነበረም። «አንቺን ያሸነፍኩሽ የእውነት ነበር?» ነው ያላት። እኅታችን ይህን ነግራን «እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?» ስትል፣ የዳማው ጨዋታ ቆሞ ክርክሩ ተጀመረ። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ክርክር ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ግን «ለመሆኑ ክርስቲያን ወጣት ጊዜውን በጨዋታ ሊያሳልፍ ይገባዋልን?» ለሚሉ ወገኖች አጭር መልስ መስጠት ያስፈልጋል። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቅዱሱ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶ ተሰናከለበት። አባ እንጦንስም ቀስትህን ገትር አለው፤ ገተረ። አሁንም ጨምር አለው፤ ጨመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለው አዳኙ «ከዚህ በላይ ከገተርኩት ይሰበራል» ብሎ መለሰ። ቅዱሱም የወንድሞችም ነገር እንዲሁ ነው፣ ከልክ በላይ ቢወጠሩ ይሰበራሉ አለው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትልም ጨዋታን የኑሮ ግብ አድርጎ አይቀበለውም፤ ለሥራ እንድንበረታ የሚረዳ ዕረፍት ነው ይላል። ስለዚህ ጨዋታ በመጠኑ ሲሆን ቀስትን እንደ ማርገብ ነው።

ዳሩ ግን ድንበር አለው። የሐዋርያት ቀኖና ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ ሥርዓት ውስጥ ጳጳስም ሆነ ካህን፣ ዲያቆንም ሆነ ምእመን፣ የዕጣ ጠጠር እየጣለ ከመቆመርና ከስካር እንዲርቅ ታዟል። በጌታችን መስቀል ሥር የነበሩት ወታደሮች በልብሱ ላይ ዕጣ መጣጣላቸውም የሚረሳ አይደለም፤ ዓለም ሲድን እነርሱ ዓይናቸው በዕጣው ላይ ነበረ። በቅርብ ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየከተማው ተስፋፍተው ስንት ወጣት የወር ደመወዙን ሲያስበላ እንደታየ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ በሰሌዳው ላይ ከተቀመጠ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት ይሆናል። የእኅታችን ወንድም ያለቀሰውም በዚህ በኩል ነው። በዚህ ነጥብ ማናችንም አልተለያየንም።

የተለያየነው በዋናው ጥያቄ ነው። ደካማን ጓደኛ ለማስደሰት ሆን ብሎ መሸነፍ ፍቅር ነው ወይስ ሐሰት?

ፍቅር ነው ያሉት ወገኖች ሦስት ነገር አቀረቡ። አንደኛ፣ ጨዋታ ተራ ነገር ስለሆነ በተራ ነገር የወንድምን ልብ ማሳዘን አይገባም አሉ። ሁለተኛ፣ ሸንፎ መታየትን መተው ትሕትና ነው፤ ጌታችንም ራሱን ዝቅ አድርጎ አስተምሮናል አሉ። ሦስተኛው ግን ሁላችንንም ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል አድሮ አሸናፊ ተብሎ የለምን? ሰው በገዛ ኃይሉ እግዚአብሔርን ሊያሸንፍ አይችልም። እንግዲያው እግዚአብሔር ራሱ ለያዕቆብ ተሸንፎለታል፤ አምላክ ያደረገውን እኛ ብናደርግ ምን ነውር አለው አሉ።

ይህ ክርክር ኃይለኛ ነው። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። ያዕቆብ ከዚያ ትግል የወጣው ሹልዳው ተነክቶ፣ እያነከሰ ነው። ከማን ጋር እንደታገለም ዐውቋል፤ ፊት ለፊት አይቶ በሕይወት በመትረፉ ተደንቆ ቦታውን ጵኒኤል ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ በረከቱንም ማነከሱንም ይዞ የሄደው አንድ ላይ ነው። ያዕቆብ አልተታለለም። «እኔ ከእርሱ እበረታለሁ» ብሎ እንዲታበይ አልተተወም፤ የተሰጠው ድል ስጦታ መሆኑን እያንዳንዱ እርምጃው ያስታውሰው ነበር። የእኅታችን ወንድም ግን ድሉን እንጂ እውነቱን አልተቀበለም። ልዩነቱ ይህ ነው።

የትሕትናውም ነገር ቢሆን እንዲሁ ነው። ጌታችን ራሱን ዝቅ ያደረገው የምር ነው፤ በእውነት ተራበ፣ በእውነት ደከመ፣ በእውነት ሞተ። ለማስመሰል አልነበረም። በስውር የሚሸነፍ ሰው ግን በውጭ ተሸንፎ በልቡ ማሸነፉን አልተወም። «ብፈልግ ኖሮ አሸንፈው ነበር» የሚለውን ዕውቀት ለብቻው ይዞ ይቀመጣል። ባልንጀራው ሲደሰት እርሱ ከላይ ሆኖ ያየዋል። ይህ ዓይነቱ ዝቅ ማለት የተደበቀ ከፍታ ነው። እንዲያውም በግልጽ ከሚያሸንፍ ሰው ይልቅ ባልንጀራውን የሚንቅ እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ግልጹ አሸናፊ ቢያንስ ባልንጀራውን እውነቱን መሸከም የሚችል ሰው አድርጎ ቆጥሮታልና።

ዮሐን ሁይዚንጋ የተባለው የኔዘርላንድ የታሪክ ሊቅ በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ይለያል። አንዱ አጭበርባሪ ነው፤ ሕጉን በስውር ይጥሳል፣ በውጭ ግን ሕጉን ያከበረ ይመስላል። ሁለተኛው ጨዋታ አፍራሽ ነው፤ ሕጉን አልቀበልም ብሎ ሰሌዳውን ይገለብጣል። እኛ በዚህ ላይ ሦስተኛ እንጨምር። ሆን ብሎ የሚሸነፈው ሰው ከሕጉ አንዱን እንኳ አልጣሰም፣ ሰሌዳውንም አልገለበጠም። ነገር ግን ጨዋታውን ትቶ ወጥቷል። ቆርኪውን እጁ ቢያንቀሳቅሰውም ልቡ ከዚያ የለም። ወንድሙ ከሰው ጋር የተጫወተ መስሎታል እንጂ ለብቻው ሲጫወት ነበር። በሰው ፊት ተቀምጦ ብቻውን ከመሆን የባሰ ብቸኝነት ምን አለ?

«ታዲያ ኃይለኛው ደካማውን ሁልጊዜ እየደቆሰ ይኑር ማለታችሁ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ለዚህ መልሱን ከገዛ አባቶቻችን ጨዋታ እናገኘዋለን። ሰንጠረዥ በአገራችን የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እጅግ ይወዱ እንደነበር ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ጥናት አውጥተዋል። በዚህ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ነበረ፤ አንድ ሠራዊት እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያሰልፉ ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀው የፍጻሜው ሥርዓት ነው። ንጉሡን በግንብ ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም ነበር። ክብሩ በደካሞቹ፣ በተለይም በእግረኛ ወታደሮች ማሸነፍ ነው። ሠራዊቱን ሁሉ ያጣና ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሸነፍም አይፈቀድም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። ኃይለኛው ተጫዋች በዚህ ሥርዓት አልዋሸም፣ የተሸነፈም አልመሰለም። የሚያሸንፍበትን መንገድ ግን በገዛ እጁ አጠበበ። ከባዱን መሣሪያ ትቶ በቀላሉ ለማሸነፍ ሞከረ። ይህንንም ባላንጣውም ተመልካቹም ያውቅ ነበር። ርኅራኄው በሕጉ ውስጥ በግልጽ ገባ እንጂ ከሕጉ ጀርባ አልተደበቀም። በዳማም ይህን ማድረግ ይቻላል። የበረታው ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ወገን ሁለት ወይም ሦስት ቆርኪ ያንሣ፤ «አንተ ገና ጀማሪ ነህ፣ እኔ በዚህ እጫወታለሁ» ይበል። ከዚያ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫወት። ጀማሪው ቢያሸንፍ ድሉ የእውነት ነው፤ ቢሸነፍም የት እንደደረሰ ያውቃል። በሚቀጥለው ወር የሚነሣው ቆርኪ ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ ማደጉን በዓይኑ ያየዋል። በስውር የተሰጠው ድል ግን ይህን መለኪያ ነጥቆታል።

በምንኖርበት በሲዳማ ምድር ሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጠው ሲዳኙ ከሁሉ በላይ የሚያከብሩት ነገር «ሀላሌ» ይባላል፤ እውነት ማለት ነው። ዕርቅ የሚጸናው በእርሱ ላይ ሲመሠረት ነው። በትልቁ ነገር ይህ ከሆነ በትንሹም እንዲሁ ነው። ጨዋታ ተራ ነገር ነው ላሉትም መልሳችን ይኸው ነው። ጨዋታው ተራ ሊሆን ይችላል፤ በጨዋታው ላይ የተቀመጠው መተማመን ግን ተራ አይደለም። ልጁ ስለ ብሩ ሳይሆን ስለ እኅቱ የጠየቀው ለዚህ ነው። ብሩ ይተካል። «ከዚህ በፊት ጎበዝ ያልሽኝስ?» የሚለው ጥርጣሬ ግን ወደ ኋላ እየሄደ ያለፈውን ደስታ ሁሉ ይበላል።

ስለዚህ ለእኅታችን ጥያቄ የሰጠነው መልስ ይህ ነበር። እውነቱን ትንገረው፤ ይኸውም «እንዳታዝን ብዬ ነው» በሚል ማስተባበያ ብቻ ሳይሆን፣ ሰሌዳውን ዘርግታ፣ ከራሷ ወገን ሦስት ቆርኪ በፊቱ አንሥታ ይሁን። ቢሸነፍና ቢያዝን ከአጠገቡ ትቀመጥ። ያዘነን ሰው ከኀዘኑ ጋር ትቶ አለመሄድ ፍቅር ነው፤ እንዳያዝን ብሎ ከእውነት ማራቅ ግን ኀዘኑን ወደ ሌላ ቀን ማሳደር ነው፤ ያውም ከወለዱ ጋር።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ነገር በዳማ አያበቃም። መዝሙር ያልቃናለትን ወንድም «ድንቅ አድርገህ ዘመርክ» የምንለው፣ ያላጠናን ጓደኛ በፈተና ወረቀታችን የምናስኮርጀው፣ ስሕተቱን ያየንበትን ባልንጀራ ቅር እንዳይለው ብለን በዝምታ የምናልፈው፣ ሁሉም በስውር መሸነፍ ነው። ሁሉም በፍቅር ስም ይጀምራል። በፍጻሜው ግን ወንድማችንን ዓለም በውርርድ በምትጠብቀው ሰፈር ያለ ዝግጅት ይጥለዋል። ቆርኪ እናንሣለት፣ ጊዜ እንስጠው፣ ከባዱን መሣሪያችንን እናስቀምጥ፤ ሁሉንም ግን እያየ ይሁን። ፍቅርን ከእውነት ሳይለይ የገለጠልን አምላካችን፣ በቁም ነገራችንም በጨዋታችንም እውነተኞች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።