የምንበላውን የሚመርጥልን ማነው?

ሰው የሚበላውን ራሱ ይመርጣልን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እጄን የምዘረጋው እኔ፣ የምጎርሰው እኔ፣ የምጠግበውም እኔ ስሆን ሌላ መራጭ ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ ይህን ጉዳይ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቃውንት የደረሱበት ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። ነገሩ የሚያሳስበንም ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም፤ በመብል ምክንያት ሰው በሰው ላይ ይፈርዳል። ወፍራሙን «ሆዳም» እንለዋለን። ልጆቿን በብስኩትና በለስላሳ የምታሳድገውን እናት እንወቅሳለን። ጾሙን በደንብ የጾመውን ደግሞ «ጠንካራ ነው» ብለን እናመሰግናለን። ወቀሳውም ሆነ ምስጋናው ትክክል የሚሆነው ግን ምርጫው በእርግጥ የዚያ ሰው ምርጫ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢዎች፣ ጥናቱ የሚለውን አስቀድመን አብረን እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የኩርት ሌቪን ሥራ ነው። ሌቪን በጀርመን አገር የተማረና ያስተማረ አይሁዳዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆን፣ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ከ1935 ጀምሮም በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም አሜሪካ ብዙ ሥጋ ለወታደሮቿና ለጦር አጋሮቿ መላክ ስለ ነበረባት፣ በአገር ቤት የቀረው ሕዝብ ልብ፣ ኩላሊትና ይህን የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲበላ ተፈለገ። የሆድ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ለሰውነትም ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ብዙው የአሜሪካ ቤተሰብ ይጸየፈው ነበር። ዱለት ሲቀርብለት ዐይኑ ለሚበራ ለእኛ አገር ሰው ይህ ሊያስቀው ይችላል። ሳቃችን ራሱ ግን አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ይኸውም መጸየፍና መውደድ በአብዛኛው ከምላስ ጋር አብሮ የተፈጠረ ሳይሆን ከአስተዳደግ የሚመጣ መሆኑን ነው።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ስለ ምግብ ልማድ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ የኮሚቴው ዋና ጸሐፊም ስመ ጥሯ የባህል ተመራማሪ ማርጋሬት ሚድ ነበሩ። ሌቪን ለዚህ ኮሚቴ ሲያጠና በመጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ «ሰዎች ምን ይወዳሉ?» የሚል አልነበረም። «ምግብ ወደ ገበታ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ እንጂ። አንዱ ምግብ ከሱቅ ይመጣል፣ ሌላው ከጓሮ፣ ሌላው ተቀምጦ ከከረመው። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ በር አለ፤ በበሩም ላይ ጠባቂ አለ። በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ጠባቂዋ አብዛኛውን ጊዜ የቤት እመቤት ነበረች። ባልና ልጆች የወደዱትን የበሉ ይመስላቸዋል፤ የሚመርጡት ግን በበሩ ካለፈው መካከል ነው። በእኛም ዘንድ እንግዳ ሲመጣ «ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እንላለን። ቤቱ ግን በራሱ አያፈራም፤ ገበያ ወጥቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ይህን ወስዶ ያንን የተወ ሰው አለ።

ቀጥሎ ሌቪን የበር ጠባቂዎቹን ሐሳብ መለወጥ የሚቻለው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ፈተና አደረገ። በቀይ መስቀል በፈቃደኝነት ያገለግሉ የነበሩ ሴቶችን በስድስት ቡድን ከፈላቸው፤ በየቡድኑ ከ13 እስከ 17 ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ቡድኖች ጥሩ ንግግር ተደረገላቸው፤ የሆድ ዕቃ ለጦርነቱ ጥረት ያለው ጥቅም፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን፣ የዋጋው ርካሽነት ተነገራቸው፤ የአሠራሩም ዘዴ በጽሑፍ ታደላቸው። ሦስቱ ቡድኖች ግን ንግግር በመስማት ፈንታ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ተደረገ። «እንደ እኛ ያሉ የቤት እመቤቶች በዚህ ነገር ሊሳተፉ ይችላሉ ወይ? የሚያስቸግረውስ ምንድን ነው?» ተባባሉ። ባሌ አይወደውም፣ ሲበስል ይሸታል፣ እያሉ ችግሩን ሁሉ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ የምግብ ባለሙያዋ ለችግሮቹ መፍትሔ አቀረበች። በመጨረሻም በሚቀጥለው ሳምንት ለመሞከር የፈቀዱ እጃቸውን አወጡ። ለሁለቱም ወገን የተሰጠው ጊዜ እኩል 45 ደቂቃ ያህል ነበር። በኋላ ሲጠየቁ፣ ንግግር ከሰሙት መካከል ቀድሞ አቅርበው የማያውቁትን የሆድ ዕቃ ለቤተሰባቸው ያቀረቡት 3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ተነጋግረው ከወሰኑት መካከል ግን 32 ከመቶ ነበሩ።

ለእውነት ሲባል ጉድለቱም መነገር አለበት። የወሰኑት ሴቶች በኋላ ተመልሰን እንጠይቃችኋለን ተብለው ነበር፤ ንግግር የሰሙት ግን ይህ አልተነገራቸውም። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ውይይቱ ነው ወይስ መጠየቃቸውን ማወቃቸው? የሚል ክርክር ተነሣ። በ1955 የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን በየፈርጁ ለይቶ ቢመረምረው (ስለ ምግብ ሳይሆን በሌላ ጉዳይ ላይ ነው) ኃይል ያላቸው ሁለት ነገሮች ሆነው ተገኙ፤ አንደኛው መወሰን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ጓደኞቼም እንደ እኔ ወስነዋል» ብሎ ማመን ነው። ውይይቱ ብቻውን ብዙም አልፈየደም። ይህ ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል፤ ስብሰባ ላይ ስናወራ አምሽተን ምንም ሳንወስን የምንበተን ብዙዎች ነንና።

የጓደኛ ኃይል በሕፃናት ላይም ታይቷል። ሊን በርች የምትባል ተመራማሪ በ1980 ባወጣችው ጥናት፣ አንዱን አትክልት ጠልቶ ሌላውን የሚወድ ሕፃን፣ እርሱ የጠላውን ከሚወዱ ሕፃናት ጋር በምሳ ሰዓት ለጥቂት ቀናት እንዲቀመጥ ተደረገ። ማንም አልመከረውም፣ ማንም አልተቆጣውም። ይሁንና ብዙዎቹ ሕፃናት አራት ቀን ሳይሞላ የጠሉትን ማንሣት ጀመሩ። «ይህን ካልበላህ...» እያሉ ዱላ የሚያሳዩ ወላጆች ይህን ቢያውቁት ምን ያህል ድካም በቀረላቸው!

ወደ ፍርዳችን እንመለስ። በ2019 በአሜሪካ ኬቨን ሆልና የሥራ ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት በሆስፒታል አኖሩ። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ምግብ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባትና በጨው እኩል ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። ያው ሰዎች፣ በዚያው ቤት፣ የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ሌላው ሲቀርብላቸው ደግሞ ያንኑ ያህል ቀነሱ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ሆዳሞች ሆነው በሦስተኛው ሳምንት ጨዋዎች ሆኑ እንበልን? ጠባያቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቀረበላቸው ነው። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ወይም በቆሎ ቀላቅላ የምትጋግር እናትም እንዲሁ ናት። የእርሷን እንጀራ አይቶ ስለ «አመጋገብ ዕውቀት» የሚሰብካት ሰው በሩ የት እንዳለ አላየም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እንደዚህ ከሆነ ነፃ ፈቃድ የት ቀረ? ሁሉን በአካባቢ ካሳበብን ጥፋተኛም ጻድቅም አይኖርም ማለት ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ይዘው ጥናቱን በሙሉ ይጠሉታል።

እኔ ግን እንደሚከተለው አስባለሁ። የምናውቀውን የጾም ጊዜ እንመልከት። በሁዳዴ ብዙው ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ በየምግብ ቤቱ ሽሮና ምስር ይቀርባል፤ እናት ቅቤውን ታነሣለች፤ ጎረቤቱም ይጾማል። በዚህ መካከል ያለ ወጣት ሥጋ ሳይበላ ቢከርም ብቻውን ታግሎ ያሸነፈው ነገር ጥቂት ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ የሥራ ጓደኛ ሁሉ ሥጋና አይብ በሚበላበት ቦታ ረቡዕና ዓርብን መጠበቅ ሌላ ዓይነት ትግል ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ወጣት ጾም የእርሱ አይደለም ልንል ነው? አይመስለኝም። ነፃነት ማለት ብቻን መሆን አይደለም። የሆድ ዕቃውን ለመሞከር እጃቸውን ያወጡት ሴቶች በጓደኞቻቸው ተረድተዋል፤ ውሳኔው ግን የእነርሱ ነበር። የሰው ፈቃድ ያለው፣ ርቦት በሳህኑ ፊት በተቀመጠበት ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት፣ ሳይርበው፣ ምን እንደሚገዛና ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በሚያስብበት ሰዓትም አለ። እንዲያውም ይበልጥ ያለው በዚያ ሰዓት ይመስለኛል።

ስለዚህም ኃላፊነቱ አይጠፋም፤ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ከበላተኛው ወደ በር ጠባቂው ይሻገራል፤ በር ጠባቂውም ዛሬ እናት ብቻ አይደለችም፤ ፋብሪካውም፣ ባለ ሱቁም፣ የተማሪ ምግብ ቤት ኃላፊውም ነው።

ለበር ጠባቂው ይህን ያህል ሥልጣን መስጠት አደገኛ መሆኑን አልክድም። ሪቻርድ ቴለርና ካስ ሰንስቲን የሚባሉ አሜሪካውያን በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ምግብ የሚደረድር ሰው የግድ በሆነ ቅደም ተከተል ስለሚደረድር፣ ለበላተኛው በሚበጀው መንገድ ቢደረድር ይሻላል ይላሉ። ሐሳቡ የዋህ ይመስላል። ነገር ግን ሰውን ሳያውቅ መምራት ለበጎም ለክፉም ያው አንድ ብልሃት ነው፤ ፋብሪካውም የሚሠራበት እርሱን ነው። በዚህ መስክ እጅግ ታዋቂ የነበሩት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ ስለ ሳህን መጠንና ስለ ምግብ አቀማመጥ ያወጧቸው ጥናቶች ዓለምን ሁሉ አስደንቀው ነበር። በ2018 ግን ዩኒቨርሲቲያቸው በምርምራቸው ጥፋት መፈጸማቸውን አስታወቀ፤ ከ10 የሚበልጡ ጽሑፎቻቸውም ተሰረዙ። ሰውን በስውር ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ በግልጥ እውነት መናገር ነበረበት። በዚህ ምክንያት እኔ የሌቪንን መንገድ እመርጣለሁ፤ ሴቶቹ የሚጠየቁትን ያውቁ ነበር፤ የሚያስቸግራቸውንም ተናገሩ፤ እምቢ ማለትም ይችሉ ነበር።

ከእኛው ቤት አንድ ጉዳይ ላንሣ። በየወሩ ከጉባኤ በኋላ ለሕፃናቱ ክፍል ለስላሳና ብስኩት ይገዛል። ማን እንደወሰነው ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ባለፈው ወር ስለ ተገዛ በዚህም ወር ይገዛል። በሚቀጥለው እሑድ ስለ ስኳር ጉዳት ንግግር የሚያደርግ ሰው ባንጋብዝ ጥሩ ነው። ይልቅስ ቆሎና ሙዝ ብናደርገው የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ማን ይቆላል፣ ማን ይገዛል፣ ሕፃናቱስ ቢያኮርፉ? ሕፃናቱም ራሳቸው ተጠይቀው እጃቸውን ያውጡ። ቆሎውን ለመጀመሪያው ወር እኔ እቆላለሁ።