ስለ ተማሪ ዕለታዊ ደስታ



በስድስት ኪሎ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከተመረቀበት ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ትውልድ ተምሮበታል። ነገር ግን ብዙው ተማሪ ደስታውን ሁሉ ለምረቃው ቀን ያቈየዋል። እናቱ የላከችለትን በሶ በጥብጦ ሲጠጣ፣ ያልገባውን ትምህርት ባልንጀራው ሲያስረዳው፣ ከፈተና ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ ይህን ሁሉ እንደ ተርታ ነገር ቈጥሮ ያልፈዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተነገረላቸው ዐሥሩ ለምጻሞች የነጹት በመንገድ ሳሉ ነው። ዘጠኙ ወደ ካህናት እንዲሄዱ ታዘው ነበርና ቸኵለው ሄዱ፤ መሄዳቸውም በደል አልነበረም። በመንገድ ስለ ተቀበለው ጸጋ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሳምራዊ ነበረ። ተማሪም ወደ ዲግሪው ሲቸኵል በመንገድ የተሰጠውን እንዳይዘነጋ ይጠንቀቅ።

ምረቃ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ሳይደርስበት የሚቀርም አለ። የዛሬው በሶ ግን ዛሬ ተሰጥቷል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ ከመቅመሳችሁ አስቀድማችሁ አመስግኑ፤ ከቤቱ ምንም ያልተላከለትንም ባልንጀራችሁን ጥሩ። ያላመሰገኑበት ደስታ ፈጥኖ ይረሳልና፤ የተካፈሉት ግን ይበዛል።