ማን ይጨምራል?



የመኪና ጨረታ ቪዲዮ ስልክህ ላይ ሳያጋጥምህ አልቀረም። መብራት የበዛበት አዳራሽ፣ ትንፋሽ የማይወስድ አጫራች፣ መሀል ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ የ1960ዎቹ የአሜሪካ መኪና። “መስል ካር” የሚሏቸው ናቸው፤ ትልቅ ሞተር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ። ድሮ እንዲህ ውድ አልነበሩም። ፎርድ መስታንግ በ1964 ገበያ ላይ ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ ከ2,400 ዶላር በታች ነበር፤ የታሰበችውም ለወጣት ነበር። እነዚያ ወጣቶች ዛሬ አርጅተዋል። ያኔ ያላገኟትን መኪና አሁን ጋራዥ አስገብተው እንደ አዲስ ያስሠሯታል፤ አካሏ የ1969፣ ሞተሯ፣ ፍሬኗና ማቀዝቀዣዋ የዘንድሮ። ሥራው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉም በላይ ያስገረመችኝ ግን ያላበራችው ናት። በፈረንጆቹ ጥር 2020 ፍሎሪዳ፣ ኪሲሚ ከተማ ውስጥ አንዲት የ1968 መስታንግ ለጨረታ ቀረበች። ቀለሟ ለቋል፣ እዚህም እዚያም ዝገት ይታይባታል። ስቲቭ ማክዊን “ቡሊት” በተባለው ፊልም ላይ የነዳት መኪና ናት፤ ለፊልሙ ተብሎ ሞተሯና ሞላዋ ተሻሽሎ ነበር። በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6,000 ዶላር ገዛት። የቤቱ እናት አስተማሪ ነበሩ፤ ወደ ሥራ ይመላለሱባት ነበር። በ1980 ፍሪሲዮኗ ሲበላሽ ቆመች። ማክዊን ራሱ በ1977 እንዲሸጡለት ደብዳቤ ጽፎ ለምኗል፤ እሺ አላሉትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ50 ዓመቱ ሞተ። በ2020 መዶሻው የወረደው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው፤ ከአጫራቹ ክፍያ ጋር 3.74 ሚሊዮን። ለዚያው ፊልም የተዘጋጀች መንታዋስ? በ2017 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከተጣሉ መኪኖች መሀል ተገኘች።

እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሥር ከእኛ ልጆች የማይጠፋ አስተያየት አለ፤ “ኢስራፍ ነው! በዚህ ገንዘብ ስንት የቲም ይጦር ነበር!” ልክ ሊሆን ይችላል። ግን በሰው ኪስ ላይ ፈትዋ መስጠት ቀላል ነው፤ ለሰጪው ምንም አያስከፍለውም። የተጣለን ብረት አንስቶ እንደገና ነፍስ በሚዘራበት ባለሙያ እጅም እኔ በበኩሌ ነውር አላይበትም። ሥራን አሳምሮ መሥራት እኛ ዘንድ የተወደደ ነገር ነው።

ጨረታው ራሱስ? ጨረታ ሐላል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አጫርተዋል። አቡ ዳውድና ሌሎችም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ (ቲርሚዚ ሐሰን ብለውታል፤ ሰነዱን ደካማ ያሉ ዑለሞችም አሉ) አንድ የአንሷር ሰው እርዳታ ሊጠይቅ መጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ያረጀ ምንጣፍና አንድ የውሃ መጠጫ ብቻ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱን አስመጥተው፣ በእጃቸው ይዘው ማን እንደሚገዛ ጠየቁ። አንዱ አንድ ድርሃም አለ። ማን ይጨምራል ብለው ሁለቴ ሦስቴ ደጋገሙ። ሌላው ሁለት ድርሃም አለ፤ ለእሱ ሸጡለት። በአንዱ ድርሃም ለቤተሰቡ ምግብ ተገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ። እጀታውን በእጃቸው ገጠሙለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ፣ 15 ቀን ድረስም እንዳይታያቸው ነግረው ላኩት። ሲመለስ አሥር ድርሃም ይዞ ነበር።

ያቺ ሁለተኛዋ ድርሃም ናት መጥረቢያውን የገዛችው። ሁለተኛው ሰው አፉን ባይከፍት ኖሮ ሰውዬው ለቤተሰቡ ምግብ ብቻ ይዞ ይመለስ ነበር።

ጨረታ ላይ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ? አሸናፊው ይመስልሃል። ተሸናፊው ነው። አንድ ሰው አሥር ሚሊዮን ይዞ ቢመጣ፣ ሌላ ፈላጊ ከሌለ ከመነሻው ዋጋ በላይ አይጠየቅም። ዋጋው የሚቆመው ሁለተኛው ሰው ራሱን ነቅንቆ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ሸሪዓ ነጅሽን የከለከለው ለዚህ ነው፤ መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ የሚያንር ሰው የውሸት ሁለተኛ ሰው ነው። የእውነተኛው ሁለተኛ ሰው አደጋ ግን ሌላ ነው። እጅህን ያነሳኸው መኪናዋን ፈልገህ ነው ወይስ እሱ እንዳይወስዳት? ማክዊን በደብዳቤው ሲለምን ከጎኑ የሚጫረት አልነበረም፤ የራሱን ናፍቆት ነው የጻፈው። አዳራሹ ውስጥ ግን ናፍቆትና እልህ በአንድ እጅ ይነሳሉ።

“እኔ መስታንግ የት አግኝቼ?” ትል ይሆናል። እሺ፣ ወደ ራሳችን አዳራሽ እንምጣ። መስጂድ ለማስገንባት ገቢ ሲሰበሰብ አንድ ሙስሓፍ ወይም የከዕባ ስዕል ለጨረታ ሲቀርብ አይተሃል። እንበል ሁለት ነጋዴዎች ተያያዙ። 80 ሺህ፣ 90 ሺህ፣ ተክቢራ! 100 ሺህ! አዳራሹ ይናጋል፣ ስልኮች ይቀርጻሉ። መድረክ መሪው “ማን ይጨምራል?” ይላል። ይህ ሪያእ ነው ወይስ በኸይር መሽቀዳደም?

“ሪያእ ነው” ብለህ አትቸኩል። ዑመር (ረ.ዐ) ራሳቸው ተወዳድረዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰደቃ ባዘዙ ቀን፣ አቡ በክርን መቅደም ከተቻለ ዛሬ ነው ብለው የሀብታቸውን ግማሽ ይዘው መጡ። ዓይናቸው ሌላ ሰው ላይ እንደነበር የነገሩን ራሳቸው ናቸው። አቡ በክር (ረ.ዐ) ያላቸውን ሁሉ ይዘው መጡ። ዑመርም ከዚያ ወዲያ እሳቸውን መቅደም እንደማይሆንላቸው ተናገሩ። ቂም የለም፤ ለባልደረባቸው እውቅና ነው የሰጡት።

እዚህ ላይ ግን ቆም በል። ዑመር ተሸነፉ፤ ግማሹ ሀብታቸው ግን ተሰጥቷል። በእኛ አዳራሽ 90 ሺህ ብሎ የተሸነፈው ሰውዬስ? 90 ሺውን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም ራሱን አይጠይቅም። ከአንድ ደቂቃ በፊት ለአላህ ያወጣው ገንዘብ እኮ ነው! ሙስሓፉ ለሌላ ሰው ሲደርስ ኒያውም አብሮ ተሸጠ? መስጂዱ ቆርቆሮና ሲሚንቶ እንደፈለገ ነው። ወላሂ፣ ከአሸናፊው ይልቅ የተሸናፊው እጅ ነው ብዙ የሚናገረው።

አንቺም እህቴ፣ ለሠርግሽ የጓደኛሽን ልብስ ዓይተሽ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ስትመርጪ፣ ጓደኛሽ ጭራሽ ሳታገባ ብትቀር ኖሮ የትኛውን ትመርጪ እንደነበር ራስሽን ጠይቂ። መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ።

በነገራችን ላይ፣ መኪና ገዝቶ ማስቀመጥ ዘካ አለው ወይ ለምትሉ፦ ለመንዳት ከሆነ የለውም። ሲወደድ አተርፍበታለሁ ብሎ ከገዛት ግን የንግድ ዕቃ ናት፤ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ በየዓመቱ ከገበያ ዋጋዋ 2.5 በመቶ፣ በማሊኪዮች ዘንድ ደግሞ እንዲህ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ሲሸጣት አንዴ ያወጣል። አንዲቱ መኪና፣ ያው ጋራዥ፤ ልዩነቱ ኒያው ነው።

ጁሙዓ ሲደርስ ሱረቱል ካህፍን ትቀራለህ ኢንሻአላህ። የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት ጋ ስትደርስ ቀስ በል። ወይን ነበረው፣ ዙሪያውን ተምር፣ መሀሉን አዝመራ፣ በመካከላቸውም የሚፈስ ወንዝ። ይህን ሁሉ ይዞ የተናገረው ግን ስለ ወይኑ ጣዕም አይደለም፤ ወደ ጓደኛው ዞሮ በገንዘብ ከእሱ እንደሚበልጥ ነው የነገረው። ጓደኛው ምን ብሎ እንደመለሰለት ደግሞ ከትርጉሙ ጋር ሁለቴ አንብበው።